ሐይቁን የሚጠርገው ሰው

ዛሬ ጠዋትም ከሐይቁ ማዶ ያለው ራዲዮ «ቀላል በረዶ» አለ። በየሁለት ሦስት ቀኑ ከምዕራብ እየመጣ ብን ብሎ የሚያልፍ፣ ጣት እንኳ የማይሸፍን፣ ማንንም የማያስቸግር ቀላል በረዶ። የምታነበው ልጅ የምሥራች የምትናገር ነው የሚመስላት። «የዘንድሮው ክረምት ለአካባቢያችን ለዘብ ያለ ነው የሚሆነው» ስትል ራዲዮኑን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት። ምን ታውቃለች? እንደ እኔ ሱፒሪየር ሐይቅ መሐል፣ ደሴት ላይ አላደገች።

ወዲያው ስልኩ ጮኸ። የአጎቴ የሬይኖ ልጅ ዶሪስ ናት። አጎቴ ማዶ ሆስፒታል ተኝቷል። ሐኪሞቹ ከእንግዲህ የምናደርግለት የለም ብለው ተስፋ ቆርጠዋል፤ እሱ ደግሞ በቤቴ ልሙት ብሎ አስቸግሯል። ሐይቁ በብርድ ረግቶ ግግር ሲሆን በላዩ የሚያልፈውን መንገድ የምጠብቀው እኔ ነኝ፤ እኔ ካልከፈትኩት መኪና አያልፍም።

«ላህያ፣ ክፈቺው እንጂ» አለችኝ። «ቀላል በረዶ ነው እየተባለ።»

«አልከፍትም።»

«በአንድ ሽማግሌ ላይ እንዲህ ትጨክኚ? ቂም ነው፣ ሌላ አይደለም። ቁርጥ አባትሽን።»

ለመስደብ ነው ያለችው። ስልኩን ዘጋሁባትና ጓንቴን አጥልቄ፣ አካፋና መጥረጊያዬን ይዤ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ቁርጥ አባትሽን። ኧረ ምነው በሆነልኝ።

ልጅ ሳለሁ መንገዱን የሚጠብቀው አባቴ ኦይቫ ነበር። ገና ካለፈ በኋላ ቤት ሁሉ የገና ጥዱን እየጎተተ ዳርቻ ያመጣል። አባቴ ግግሩን በመሰርሰሪያ እየበሳ ይለካና፣ ውፍረቱ ሲበቃ ጥዶቹን ቀዳዳው ውስጥ እየተከለ ከደሴቱ እስከ ማዶ በመስመር ያቆማቸዋል። ጭጋግ ሲወርድ፣ ነፋስ በረዶውን ሲያቦን፣ ሰው ጥዱን እያየ ነው የሚሄደው። የመንገድ ጠባቂው ቤት ጥድ መጨረሻ ይተከላል፤ ቦታው ማዶ ዳርቻ አጠገብ ነው። እሱ ከቆመ መንገዱ ተከፍቷል፤ ከሌለ ማንም ድርሽ አይልም። ማስታወቂያ የለ፣ ዘበኛ የለ፤ ከፊንላንድ የመጡት አያቶቻችን ያቆዩን ደንብ ነው።

የእኛ ጥድ አናቱ ላይ ቀይ ጨርቅ አለው። እናቴ ቪየኖ ከአሮጌ ቀሚሷ ቀድዳ የሰፋችው ነው፤ በየዓመቱም የምታስረው እሷ ነበረች። ያን ዓመት ያሰርኩት ግን እኔ ነኝ። እናቴ በመከር ሳንባዋን ታማ ማዶ ሄዳ ነበር። ከመሄዷ በፊት ከአባቴ ጋር ሲጨቃጨቁ በግድግዳው በኩል ሰምቻለሁ። እሷ «ማዶ እንኑር፣ ይሄ ውሃ አንድ ቀን ይበላናል» ትላለች፤ እሱ «እኔ ማዶ ሄጄ ምን እሆናለሁ?» ይላል። ወደቡ ላይ ሲለያዩ ሁለቱም ጫማ ጫማቸውን ነበር የሚያዩት። እኔን ግን ጉንጬን በሁለት እጇ ይዛ «ጥዳችን ሲቆም እመጣለሁ» አለችኝ።

እንግዲህ ጨርቁን ሳስር እናቴን የምጠራት ነበር የመሰለኝ። አባቴ የሌሎቹን ጥድ ሁሉ ተክሎ ጨርሷል። ጠዋት የእኛን በሸርተቴ እየጎተተ ወደ ማዶ ሲሄድ ዳርቻው ላይ ቆሜ አየሁት። ነጥብ እስኪያህል ድረስ አየሁት። ከሰዓት በኋላ ሲመለስ ግን ጥዱ ሸርተቴው ላይ ነው። ቀይ ጨርቁ ይወዛወዛል። ምንም ሳይለኝ አልፎኝ ሄደና ጥዱን ከጎተራው ጀርባ ወረወረው። በማግሥቱ ደግሞ የሌሎቹን ይነቅል ጀመር።

 እናቴ ድናለች፤ ከሆስፒታል ወጥታ ማዶ ወደብ አጠገብ ዘመዷ ቤት ቁጭ ብላ መንገድ መንገድ ታያለች። እሱ ደግሞ መንገዱን ይነቅላል።

ከዚያ ያ ቀላል በረዶ መጣ። እናንተ አገር በረዶ ሲባል አንድ ነገር ይሆናል፤ እኛ ጋ ሰማይ የሚያወርደው በረዶ ሌላ፣ ሐይቁ ረግቶ የሚሆነው ግግር ሌላ ነው፤ ሁለቱም አይስማሙም። ራዲዮው በየቀኑ «ቀላል በረዶ፣ ወዲያው ያልፋል» ይላል፤ ሰዉም እሰይ ይላል። ጣራ የማይጭን፣ በር የማይዘጋ በረዶ ማን ይጠላል? አባቴ ብቻ ትንበያውን በሰማ ቁጥር ፊቱ ይጠቁራል። ማንኪያውን የዓሣ ሾርባው ውስጥ ትቶ ይነሳና አካፋና መጥረጊያ ይዞ ሐይቁ ላይ ይወጣል። ይጠርጋል። ከደሴቱ እስከ ዓይን መጨረሻ ድረስ፣ መንገዱ ባለበት ላይ፣ በረዶውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየገፋ ይጠርጋል። በሦስተኛው ቀን ሌላ በረዶ ይመጣና ያለብሰዋል። እንደገና ይጠርጋል።

ትምህርት ቤት መሳቂያ ሆንኩ። ዶሪስ እኩያዬ ናት፤ ምላሷ ያኔም ምላስ ነው።

«አባትሽ ሐይቁን ጠርጎ ሊወለውለው ነው እንዴ? እንግዳ ይመጣበታል?»

«ዓሦቹ ቤታችን ቆሸሸ ብለውት ይሆናል» ይላል ሌላው።

አንድ ቀን ተከትዬው ሄድኩና «ለምንድን ነው የምትጠርገው?» አልኩት።

«እንዲበርደው።»

«ማን?»

«ሐይቁ» አለና ሥራውን ቀጠለ።

አብዷል አልኩ። በክረምት አጋማሽ፣ ትንፋሽ ጢም ላይ ግግር በሚሆንበት አገር፣ ሐይቅ እንዲበርደው የሚጠርግ ሰው ምን ይባላል? ዛሬ እኔ ራሴ ወገቤን ይዤ ስጠርግ ነው የገባኝ። በረዶ የግግር ብርድ ልብስ ነው። ከባዱ ሲወርድ ሰው ይፈራዋል፣ ይጠነቀቀዋል። ቀላሉ ግን በየቀኑ ለስለስ ብሎ ይደራረባል፤ ከሥሩ ያለው ግግር ሙቀት ይዞ ተኝቶ ይቀራል እንጂ አይወፍርም። ከላይ ያማረ ነጭ ሜዳ፣ ከታች ስስ። ይህን ሁሉ አባቴ በአንድ ቃል ነገረኝ፤ ሁለት ቃል ቢጨምር ምን ነበረበት? እሱንም እናደድበታለሁ፤ አልዋሽም።

ያኔ ከሰዓት በኋላ፣ ከሐይቁ እንደተመለሰ፣ ጎተራው ውስጥ ይገባና ይመታል፣ ይፈገፍጋል። በስንጥቁ አየሁ፤ ትንሽ ጀልባ ሆዷ ሥር እንደ ሸርተቴ ረጅም ብረት እየገጠመላት ነው። ሚስቱ ማዶ ተቀምጣ እሱ ለዓሣ ማጥመጃ መጫወቻ ይሠራል ብዬ በእግሬ በሩን መታሁት። «ማነው?» አለ። ሮጥኩ።

የቀረውን ደግሞ ሳውና በምንለው የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሰማሁት። ቅዳሜ የሴቶቹ ተራ ሲሆን ታችኛው የእንጨት መደብ ላይ እቀመጣለሁ፤ ልጅ ላይኛውን ሙቀት አይችልም። አክስቴ ኢምፒ፣ የሬይኖ ሚስት፣ ውሃ በጋለው ድንጋይ ላይ ትቸልስና እንፋሎቱ ሲነሳ ከላይ ወሬው ይወርዳል።

«መንገዱን ዘጋባት እኮ» ትላለች ኢምፒ።

«በማን ላይ?» ትላለች ሌላዋ።

«በማን ላይ ይሆናል? ከዚህ ልሂድ ያለችው ማን ናት? እንግዲያው እዛው ቅሪ ማለቱ ነው። ቤቱ ጸጥ ሲልለት ደስ ብሎታል።»

«ዝም በይ፣ ልጅቷ አለች።»

«ልጅ ምን ይገባዋል?»

ገባኝ። የገባኝ እሷ የፈለገችው ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ደሴቱ ሁሉ ይህን ሲያወራ አባቴ ሐይቁ ላይ ብቻውን ነበር።

አጎቴ ሬይኖ ቤታችን የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። የአባቴ ታላቅ ነው፤ ሰፊ ትከሻ፣ ሰፊ ሳቅ፣ አዲስ ፒክአፕ። ደሴቱ የሚያጠምደውን ዓሣ ተረክቦ ማዶ የሚሸጠው እሱ ስለሆነ ሲናገር ሰው ይስቅለታል። እኔም እወደው ነበር። ጠረጴዛ ሥር ቁጭ ብዬ የሁለቱን ቦት ጫማ እያየሁ ሰማኋቸው።

«ቀላል በረዶ ነው እያለ ነው የራዲዮው ሰውዬ። ከባድ አላለም» አለ አጎቴ።

«ቀላሉ ነው የሚያስፈራኝ» አለ አባቴ።

«ጀመረህ ደግሞ። ከልጅነትህ ጀምሮ ፈሪ ነህ። እኔ ሄጄ ላምጣልህ።»

«መንገዱ ዝግ ነው።»

«ሚስትህ ማዶ ቁጭ ብላለች፣ ሰውዬ።»

«ትጠብቅ።»

ትጠብቅ። ያቺን አንዲት ቃል ስሰማ አባቴን ጠላሁት። አጎቴ ሲወጣ ፀጉሬን ነካ አድርጎ «አይዞሽ፣ እኔ አመጣልሻለሁ» አለኝ። በደስታ ያን ቀን እራት አልበላሁም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ትምህርት ቤት ሳለን የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተደወለ። እሑድ አልነበረም። አስተማሪዋ ጠመኔዋን አስቀምጣ መስኮቱ ጋ ሄደች። ወንዶቹ መሰላልና ገመድ ይዘው ወደ ሐይቁ ይሮጣሉ። እኛም ወጣን። ከዳርቻው ርቆ ግግሩ ላይ ጥቁር ቀዳዳ አለ፤ ከዚያ በፊት እዚያ ጥቁር ነገር አልነበረም። አባቴ በሆዱ ተኝቶ ክንዱን እስከ ትከሻው ውሃው ውስጥ ከቷል፤ ሌሎቹ እግሩን ይዘውታል። አክስቴ ኢምፒ በእጇ ዓይኔን ሸፈነችኝ፤ እጇ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። በጣቶቿ መሐል ግን የእናቴን ካፖርት አየሁ።

አጎቴ ከሰመጠው ፒክአፕ ወጥቷል። ልብሱ በብርድ ግግር ሆኖ ቆሞ፣ ብርድ ልብስ ተደርቦበት፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ለከበቡት ሰዎች የተናገረውን እኔም ሰማሁ። «መንገዱ ዛፍ የለው። ኦይቫ ነቅሎታል። ምን አይቼ ልሂድ? መስመሩን ሳትኩ።»

በቃ። ያቺ አረፍተ ነገር የደሴቱ እውነት ሆነች። ኦይቫ ጥዱን ባይነቅል ኖሮ ቪየኖ በሕይወት ትኖር ነበር። በቀብሩ ላይ ሰዎች ከሬይኖ ጎን ቆሙ፤ እሷን ሊያመጣት የሞከረው እሱ ነዋ። አባቴ አጠገብ የቆምኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔም ቢሆን እጄን ኪሴ ከትቼ። ልጅ ነበርኩ፤ የሰጡኝን አመንኩ። ራሴን አልወቅስም። የሰጡኝን ሰዎች ነው የማልምራቸው።

ከቀብር በኋላ ጎተራው ውስጥ ገባሁ። ጀልባዋ አልቃለች። ውስጧ በብርድ ልብስ ተሸፍኗል፤ ከራስጌው የእናቴ ትራስ አለ። እንደምትሞት ያውቅ ነበር፣ ለሬሳዋ ነው የሠራው አልኩ። ይህን አምኜ ስንት ዓመት ኖርኩ። ለሬሳ የሚሠራ ሰው ትራስ ምን ያደርግለታል? በእግሩ ሄዶ እየጎተተ ሊያመጣት ነበር። ግግሩ ቢሰበር ጀልባ ናት፣ ትንሳፈፋለች። ሊነሳ አንድ ሁለት ቀን ነበር የቀረው።

በጸደይ ግግሩ ፈርሶ ውሃው ሲከፈት፣ ዳርቻው ላይ አንድ ጥድ ተጥሎ አገኘሁ። ቅጠሉ ረግፏል፤ አናቱ ላይ ቀይ ጨርቅ አለ። እናቴ ናት የላከችልኝ ብዬ እየጮህኩ አባቴን ጠራሁት። መጣ። ጨርቁን አየ፤ ከዚያ ዞሮ ወደ ጎተራው ጀርባ አየ። ከዚያ ወደ አጎቴ ቤት አየ። 

«ከየት መጣ?» አልኩት።

«ከውሃው» አለ። ጨርቁን ፈትቶ ኪሱ ከተተና ጥዱን አቃጠለው። እስከሚሞት ድረስ ስለዚያ ነገር ትንፍሽ አላለም። ሆድ ይፍጀው አለ፤ ሆዱም ፈጀው።

እሱ ሞቶ መንገዱን በተረከብኩ በመጀመሪያው ዓመት ግግሩ አልጥም ብሎኝ መንገዱን ዘጋሁ። ጥዳችንን ጎትቼ ከጎተራው ጀርባ ጣልኩትና ልሄድ ስል ያ ጸደይ ትዝ አለኝ። ከጎተራ ጀርባ የተጣለ ጥድ በራሱ ተነስቶ ሐይቅ አይገባም። አንድ ሰው ከዚያ አንስቶታል። አንድ ሰው ማዶ ወስዶ ተክሎታል።

ሽማግሌዎቹን እየዞርኩ ጠየቅኩ። አንደኛው ያን ቀን የአጎቴ ፒክአፕ ላይ ቀይ ጨርቅ ማየቱን አመነ። «ታዲያ ምን እናድርግ? ዓሣችንን የሚረከበን እሱ ነው፣ የሞተች አትመለስ» አለኝ። አጎቴ በር ላይ ሄጄ ጠየቅኩት። «ዛፍ አልነበረም» አለና በሩን ዘጋብኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። አባቴ ሳይነጋለት ሞተ።

እንግዲህ ዛሬ ጠርጌ፣ በስቼ፣ ለካሁ። ለመኪና አይበቃም፤ ለሰው ይበቃል። ዶሪስ ጋ ደወልኩ። «በመኪና አይሆንም። ነርሶቹ ማዶ ዳርቻ ድረስ ያምጡት፣ እናንተ በደሴቱ ዳርቻ ጠብቁ፤ እኔ አመጣዋለሁ።» ከጎተራው የአባቴን ጀልባ አወጣሁ። ብረቱን በየዓመቱ ዘይት እቀባዋለሁ፤ ለምን እንደምቀባው እንኳ አላውቅም ነበር።

ማዶ ያሉት ነርሶች ጠቅልለው ጀልባዋ ውስጥ አስተኙልኝ። አጎቴ ያ ሁሉ ትከሻ የት እንደገባ እንጃ፤ ቀለለኝ። ገመዱን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ጎተትኩ። በረዶው ይወርዳል፣ ለስለስ ብሎ። ጥቁሩ ቀዳዳ የነበረበት አካባቢ ስደርስ ቆምኩ።

«ምን ሆንሽ?» አለ።

«ጥዱን ማን ወሰደው?»

«ዛፍ አልነበረም።» አፉ ለምዶታል።

«እሺ» አልኩና የጀልባዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። «እኔ አልቸኩልም።»

 ግግሩ ከሥራችን አንዴ ረጅም ድምፅ አሰማ። አጎቴ ዓይኑን ጨፈነ።

«እናትሽ እምቢ አለችኝ» አለ በመጨረሻ። «በስልክ ነግሬያት፣ ኦይቫ ካልከፈተ አልሳፈርም አለች። ግትር ነበረች። እኔ ደግሞ ለሰዉ ሁሉ አመጣታለሁ ብዬ ተናግሬያለሁ። ስለዚህ ጥዱን አንስቼ ማዶ ተከልኩት። መኪናው ባዶ ስለነበር ስሄድ ግግሩ ቻለኝ። ጨርቁን ስታይ ሳቀች። ‹ኦይቫ ከፍቶታል› አለች። እኔ ምንም አላልኳትም፣ ራሷ ነች በሩን ከፍታ የገባችው።»

 እናቴ አባቴን አምና ነው የሞተችው። ይህን አንድ ነገር፣ ሳቀች የሚለውን ብቻ፣ አባቴ ቢሰማ ኖሮ አንድ ቀን እንኳ ቀና ብሎ ይሄድ ነበር። ይሄ ሰው ግን ዕድሜውን ሙሉ ጥርሱ ሥር ይዞት ኖረ። እዚያው ጥዬው መሄድ ፈለግኩ፤ በእውነት ፈለግኩ። ገመዱን ግግሩ ላይ ጥዬው ነበር።

ከዚያ አነሳሁት። አባቴ ቢሆን ይጎትተው ነበር፤ ይሄ ራሱ ያናድደኛል። ግን አባቴ ዝም ብሎ ይጎትተው ነበር። እኔ ዝም አልልም።

ዳርቻው ላይ ዶሪስ ቆማለች፤ ጎረቤቱም ሁሉ ወጥቷል። ዶሪስ እያለቀሰች አባቷን ልታነሳ እጇን ስትዘረጋ በክንዴ ገታኋት።

«ማንም እንዳይነካው» አልኩ። ወደ እሱ ጎንበስ አልኩ። «ለእኔ የነገርከኝን ለእነሱ ድገመው። ‹ኦይቫ ከፍቶታል› አለች የሚለውንም እንዳትዘል።»

ዶሪስ «ምንድን ነው?» አለች። ሰዉ ተጠጋ። በረዶው በብርድ ልብሱ ላይ ይቀመጣል፤ ማንም አላራገፈለትም። ገመዱን እንደያዝኩ ቆሜ ጠበቅኩ፣ አፉን እስኪከፍት።